የግብፁ ሟች ተዝካር

ከድፎዬ ቆርሼ ከድንጋዩ ሥር ሳስቀምጥ ጥበቃው ክንዴን ያዘኝ።

ድፎውን ከሸዋ ሮቢት ያመጣሁት አዲስ አበባ ሙዚየም ውስጥ ጽዳት ለተቀጠረችው ልጄ ነበር። ድንጋዩ ከጥንት ግብፅ መቃብር የመጣ ነው አለችኝ። የተቀረጸበት ሟች ተቀምጧል፤ ፊቱ ገበታ ቀርቧል፤ ሰዎች ዝይ ተሸክመው ይመጣሉ። ፊደል ባልቆጥርም ተዝካር አይጠፋኝም። ተዝካር ደግሞ ባዶ እጅ አይኬድም።

«አባባ፣ ልጅዎን ከሥራ ሊያስባርሩ ነው?» አለኝ ጥበቃው።

ልጄ መወልወያዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። አለቃዋ ተጠርተው መጡ። ሴትዮዋ ቁራሹን አዩና የድንጋዩን ጽሑፍ በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ።

«‹በዚህ የምታልፉ፣ ዳቦና ጠላ አትንፈጉኝ› ነው የሚለው» አሉኝ። «ልጅዎ ወደ ሥራዋ ትመለስ። እርስዎ ግን ጠላውን ምነው ረሱት?»