የእማዬ ቦንድና የእኛ ታክስ

እማዬ ሜስኪት ከተማ ያለውን ቤቷን ሸጣ ዋይሊ ከተማ እኛ ጋ የገባች ሰሞን ቤታችን ውስጥ ከቦንድ ሌላ ወሬ ጠፋ። እማዬ ኤርፖርት ዊልቸር ትገፋለች። የራሷ ጉልበት ገፊ የሚፈልግ ሴትዮ፣ በዕድሜ የሚያንሷትን ሰዎች ከአንዱ መሳፈሪያ ጌት ወደ ሌላው ስታመላልስ ትውላለች። "እማ፣ በቃሽ" ስላት "ምን ሆንኩ? ተመስገን ነው" ትለኛለች። እልኸኛ ናት። እኔስ ከማን ወረስኩት?

ሐሳባችን በቤቱ ገንዘብ ቦንድ ተገዝቶ፣ ወለዱን እያገኘች ሥራ እንድታቆም ነበር። የሰው እጅ ማየት አትወድም፤ የልጇም ቢሆን። አገር ቤት፣ ጎንደር ላለችው ታማሚ እህቷ በየወሩ የምትልከውን ከራሷ ኪስ ካልሆነ አትልክም። ሒሳቡን የያዘው ባሌ ነው። ሥራው የሰው ታክስ መሥራት ስለሆነ ማንም አልተከራከረውም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ኩሽና ጠረጴዛው ጋ አስቀምጦ አስረዳት።

"ከተማው የሚሸጠው ቦንድ ከመቶ አራት ይከፍላል፤ ታክስ የለበትም። ካምፓኒ የሚሸጠው አምስት ይከፍላል፤ ግን ታክስ አለው። ታክሱ ሲነሳ ሦስት ነጥብ ስምንት ነው የሚቀርዎት። ሶ፣ የከተማው ይሻልዎታል።"

"ሥራ ለማቆም ይበቃኛል?" አለችው።

ትንሽ ጎደለ። የጎደለው ለእህቷ የምትልከውን ያህል ነው። "እንግዲያው እሠራለኋ፣ ምን ችግር አለው" ብላ ተነሥታ ዕቃ ማጠብ ጀመረች።

እኔ ግን ደሜ ፈላ። የምቆጣው ሰው ስላጣሁ ወደ ባሌ ዞርኩ።

"ታክሱን በማን አስበኸው ነው?"

"በቤቱ ነዋ።"

"በየትኛው ቤት?"

"በእኛ! በኔና ባንቺ ደሞዝ። ታዲያ የእሳቸው ገንዘብ የሌላ ሰው ነው እንዴ?"

የሰው ታክስ ሲሠራ ሳንቲም የማይስት ሰው፣ እናቴን ከእኛ ነጥሎ መቁጠር ጠፍቶበታል። ቢሮው አንድ ሰው እንደዚህ ቢያደባልቅበት ቀኑን ሙሉ ነበር የሚጨቀጭቀው። ግን በዚያች ሰዓት በጣም ወደድኩት።

እንደገና ተቀምጠን አሰብነው። እማዬ ታክስ የምትሞላው ለብቻዋ ነው። ሥራ ካቆመች ደግሞ ገቢዋ ትንሽ ስለሚሆን የሚነሳባት ታክስ ከምንም አይቆጠርም። ታክስ ለማይነካው ሰው ከታክስ ነጻ መሆን ምን ያደርግለታል? የካምፓኒው አምስት አምስቱም ይገባላታል። ባሌ ካምፓኒ ሊወድቅ እንደሚችል አልደበቀም፤ ጠንካራ ጠንካራውን መርጦ ከብዙ ቦታ እንደሚገዛላት ነገራት። ከዚያ "እማማ፣ ማቆም ይችላሉ" አላት።

እጇን አደራርቃ መጥታ ተቀመጠች።

"የእህቴም አለበት?"

"አለበት።"

"ከእናንተ ምንም ሳይጨመርበት?"

"ምንም።"

ምርቃት ጠበቅኩ፤ እማዬ ለምርቃት አትሰንፍም። አልመረቀችም። ጉልበቷን በሁለት እጇ ይዛ ቀና ብላ አየችኝ።

"ደክሞኝ ነበር እኮ፣ ልጄ" አለች።