እንጨቱን ብቻ አጥፊው

መጀመሪያ ዓይኔን የያዘው ቃል ያልቀደመው ቃለ አጋኖ ነበር። በትምህርት ቤቱ ረጅም ነጭ አጥር ላይ፣ በመንገዱ በኩል፣ ቀያይ ቃለ አጋኖዎች ተራርቀው ቆመዋል። ከፊታቸው አንዲት ፊደል የለችም። አፉን ከፍቶ ድምፁ ገና ያልወጣለት ሰው ይመስላሉ። እንግሊዝኛ ላስተምር ከተቀጠርኩ ገና ሳምንቴ ነው፤ ቦርሳዬን እንደያዝኩ ፈዝዤ ቀረሁ።

መሰላሉ ላይ ያለችው ሴት ፊቷን ሳታዞር፣ "ግድግዳ አይተህ አታውቅም እንዴ፣ ወንድሜ?" አለችኝ።

የሰፈሩ ሰው እትዬ ጉልህ ይላታል። የሱቅ ስም፣ የጋራዥ በር፣ የጭነት መኪና ጎን ስትጽፍ የኖረች፣ እጇ የማይንቀጠቀጥ፣ ምላሷም የማይታሰር ሴት ናት። ከመጨረሻው መጀመርን ያስተማራት አባቷ ነው። ከግራ ተነስቶ ዝም ብሎ የሚጽፍ ሰው ግድግዳው ሲያልቅበት የመጨረሻዎቹን ፊደላት እንደ ታክሲ ተሳፋሪ ያጨናንቃቸዋል። እሷ ግን የዓረፍተ ነገሩን ስፋት በክር ትለካና መጀመሪያ ማብቂያውን ትቀባለች፤ ከዚያ ወደ ኋላ እየተመለሰች ለየፊደሉ ቦታ ትሰጣለች። "እንግዳ ከመጥራትህ በፊት ወንበር አስቀምጥ" ትላለች።

ባነር የሚያትሙ ማሽኖች ከመጡ ወዲህ ሱቆቹ አንድ በአንድ ጥለዋት ሄደዋል። የበር ቁጥር ከመጻፍ ሌላ የቀራት ሥራ አልነበረም። ልጇ "እማዬ፣ በቃሽ፤ እኔ ጋ ሱቅ ተቀመጪ" እያለ ይጨቀጭቃታል። ይህን አጥር ጨርሳ፣ ልጇን ከዳር እስከ ዳር በእግሩ አስኪዳ ልታስነብበው ነበር ሐሳቧ። ይህን ስትነግረኝ ድምጿ ትንሽ ለስለስ አለ።

ዓረፍተ ነገሮቹ የተማሪዎቹ ናቸው። በእረፍት ሰዓት በእንግሊዝኛ የምትሉትን አምጡ ተብለው ያመጧቸውን ርእሰ መምህሩ ራሱ እየሳቀ መርጦ፣ በይ ጀምሪ ብሏታል። በዝርዝሩ "ዋት ኤ ጎል!" አለበት፤ አቤት ሙቀቱ ለማለት "ቦይ፣ ኢዝ ኢት ሆት!" አለበት፤ እንዴት ርቦኛል ለማለት "ኧም አይ ሃንግሪ!" አለበት። እንግሊዝኛ እንዲህ በጨዋታ ሲደነቅ ጠባዩ ይለወጣል። ግሡ ባለቤቱን ቀድሞ ይወጣና ጥያቄ ይመስላል፤ በጽሑፍ ጥያቄ አለመሆኑን የሚመሰክርለት መጨረሻው ላይ የቆመው ምልክት ነው። ይህን ሳስረዳት ብሩሿን አውርዳ ሳቀች።

"ታዲያ ሰው ሲገረም ቃል መቼ ይሰለፋል?"

እውነቷን ነው። እኛስ "ወይ ሙቀት" ስንል ግሡን እቤት ጥለነው አይደል የምንወጣው?

በማግስቱ ጠዋት ርእሰ መምህሩ ከወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ጋር መጣ። ሰብሳቢው ጽሑፎቹ ጥያቄ ይመስላሉ ባይ ነው፤ ርቦኛል ወይ እያለ አላፊ አግዳሚውን የሚጠይቅ ትምህርት ቤት የት አለ ብሎ አፌዘ። ምልክቱን አሳይቼ ላስረዳ ስል፣ ርእሰ መምህሩ አንተ ገና አዲስ ነህ ብሎ አፌን አስያዘኝ። ያን ያህል የሳቀባቸውን ቃላት ዛሬ እንደ ባዕድ ልጅ አላውቃችሁም አላቸው። ስለ ሥነ ሥርዓትና ስለ ትጋት የሚናገሩ፣ ረጋ ያሉ፣ ረጃጅም ዓረፍተ ነገሮች ተመርጠዋል፤ እያንዳንዳቸውም በነጥብ ያልቃሉ። ከዚያ አንዱን ቃለ አጋኖ እየጠቆመ ወደ እሷ ዞረ።

"ችግር የለውም፣ ነጥቡ እንደሆነ አለልሽ። እንጨቱን ብቻ አጥፊው።"

እትዬ ጉልህ ከመሰላሉ ወረደች። እያንዳንዱ ምልክት ለራሱ ዓረፍተ ነገር ተለክቶ እንደቆመ፣ አዲሶቹ በእጥፍ ስለሚረዝሙ ፊደል በፊደል ላይ እንደሚወጣ በትዕግሥት አስረዳች። ርእሰ መምህሩ አሳንሺያ አላት። ካነሰ ከመንገድ አይነበብም አለችው። እሱ ግን ጭራሽ ጥፋቱን ወደ እሷ አዞረው፤ ኮሚቴው ሳይሰበሰብ ቸኩለሻል አላት።

"ጀምሪ ያሉኝ እርስዎ አይደሉም ወይ?"

"ጀምሪ ማለት ሌላ፣ ይጽደቅ ማለት ሌላ።"

ይህን መልስ ባስታወስኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል። አንድ ሰው የሌላውን ሥራ በቃሉ ያስጀምርና፣ ቃሉን ሲያጥፍ ኪሳራውን ለሠራተኛው ያሸክማል፤ ደግሞ ድምፁን እንኳ ከፍ አያደርግም። ሰብሳቢው ካስቸገረች ባነር የአንድ ቀን ሥራ ነው እያለ ስልኩን ይነካካል።

እሷ ብሩሾቿን በነጭ ጋዝ አጥባ፣ በጨርቅ አድርቃ፣ አንድ በአንድ ሰደረቻቸው። ሁለቱም ቆመው ጠበቋት።

"የተጨናነቀ ፊደል ጽፌ፣ ይኸው የእናትህ እጅ ብዬ ልጄን አላመጣም" አለች። "ባነሩን ያምጡ።"

ርእሰ መምህሩ እንግዲያው የቀባሽውን አጥፍተሽ ሂጂ አላት።

"እኔ የመጣሁት ልጽፍ ነው። ማጥፋቱን እርስዎ ይችሉበታል።"

መሰላሉን ልይዝላት እጄን ስዘረጋ ገፋ አደረገችኝ። "ተው፣ ልጆቹ እየጠበቁህ ነው። ይልቅ እነሱን አፋቸውን አታስይዛቸው።" መሰላሉን ትከሻዋ ላይ አደላደለችና መንገዱን ያዘች። መታጠፊያው ላይ ስትደርስ ጫፉ ሰው እንዳይመታ ሰፋ አድርጋ ዞረች። ወደ ኋላ አላየችም።