አባቴ ያረመው መጽሐፍ

ልጅ ሳለሁ ተረት ነጋሪያችን አባዬ ነበር፤ ተረቱ ግን ስለ ጦጣና ስለ አንበሳ አልነበረም። ለመድረክ ስለሚሠለጥኑ እህትማማቾች ነበር። መጽሐፉ የእንግሊዝኛ ነው፣ ያረጀ፣ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ከሳህኖች ጋር በአንድ ካርቶን ታሽጎ የመጣ።

ሰንሻይን ዌስት፣ የስደት ሰፈራችን። ክረምት። በጊዜ የሚጨልም ሰማይ።

የሳሎናችን የጋዝ ሂተር መስታወቱ ፍም መስሎ ይቀላ ነበር። ያኔ ለእኔ እሳት ማለት ያ ነበር፤ ቀጭ ብሎ የሚነሳ፣ መጀመሪያ የተቃጠለ አቧራ የሚሸት፣ ከዚያ ፊትን እየጠበሰ ጀርባን ለብርድ የሚተው ነገር። አባዬ ላቨርተን ኖርዝ ካለው መጋዘን የጠዋት ሺፍቱን ጨርሶ፣ ትንሽ ተኝቶ ይነሳና፣ እጁ ገና ካርቶን ካርቶን እየሸተተ፣ መብራቱን አጥፍቶ የማንበቢያዋን ብቻ ያበራል። ይህ የተረቱ ሰዓት ነው።

እንግሊዝኛ የተማረው ካርቱም፣ ስደተኛ ሆኖ ነበር። መስመሩን በዓይኑ ይከተላል፣ ከንፈሩ ያለ ድምፅ ይንቀሳቀሳል፣ ከዚያ አማርኛ ይወጣል። በመካከል ምን እንደሚሆን አናውቅም።

ብዙ ነገር ይሆን ነበር። የባሌት አስተማሪዋ በአባዬ አፍ የኔታ ሆነች። አለንጋ ተጨመረላት። እህትማማቾቹ ረቡዕና ዓርብ ይጾሙ ጀመር።

ታላቅ እህቴ ሳራ በእንግሊዝኛ ጠየቀችው፤ ጾሞ የዋለ ሰው እንዴት ነው የሚዘለው?

«ቀለል ይላላ» አላት አባዬ፣ ቀና እንኳ ሳይል።

መጽሐፉ ሲያልቅ በሚቀጥለው ክረምት እንደገና ይጀመራል። መጨረሻውን በቃላችን እናውቀው ነበር። ትልቋ ሐኪም ሆነች። መካከለኛዋ መሐንዲስ። ትንሿ ፋርማሲስት። መድረኩ ለልጅነት ነበር፣ ልጅነቱም አለቀ። አባዬ መጽሐፉን ይከድናል፣ እኛም ወደ መኝታችን እንሄዳለን። ራሴ ላነበው እችል ነበር። ግን አባዬ እያለ ለምን ብዬ?

ሳራ ግን በዚያ መጨረሻ ያመነች አይመስለኝም። የኩሽናውን ጠረጴዛ ጠርዝ ይዛ፣ በካልሲዋ፣ በጣቶቿ ጫፍ ትቆም ነበር። እማዬ ድስት ልታነሳ ስትል በክንዷ ሥር ታልፋለች። እግሯ ይደማል፣ ካልሲውን ራሷ ታጥባለች፣ ለማንም አትናገርም።

አንድ ቀን የትምህርት ቤት አስተማሪዋ፣ ዳንስ የሚያስተምር የመንግሥት ትምህርት ቤት አለ፣ ለኦዲሽን፣ ለመግቢያ ፈተናው፣ ቅረቢ አለቻት። ቦታው ጥቂት ነው። ያለ ወላጅ አይቀረብም። ዕድሜዋም ካሁን ወዲያ አይፈቅድላትም፤ ፈተናው ያለበት ቅዳሜ ካለፈ አለፈ።

እማዬ «ከአባታችሁ ጋር ጨርሱ» አለች።

አባዬ ሳህኑን ገፋ አደረገ። «ሱዳን በእግሬ የገባሁት አዝማሪ ላሳድግ ነው?» አለ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «የመጽሐፉን ልጆች አላየሽም? እንዲያ ሲጨፍሩ የነበሩት የት ደረሱ? ተምረው ሰው ሆኑ።»

ሳራ ተነስታ መኝታ ቤት ገባች። አላለቀሰችም። በዚያ ሳምንት የኩሽናውን ጠረጴዛ ጠርዝ አልነካችም፤ ይህ ከልቅሶ የባሰ ነበር።

ያኔ ነው መጽሐፉን ከመደርደሪያው ያወረድኩት። መታጠቢያ ቤት ገብቼ፣ በሩን ቆልፌ የመጨረሻውን ምዕራፍ አነበብኩ። ሐኪም የለም። መሐንዲስ የለም። ፋርማሲስት የሚል ቃል ከዳር እስከ ዳር ባገላብጥ አጣሁ። መጋረጃው ሲከፈት ያልቃል፤ ልጆቹ መድረክ ላይ እንደቆሙ፣ ሙዚቃው ገና ሊጀምር ሲል።

ተናደድኩ። እንደዚያ ተናድጄ አላውቅም።

በአገራችን ልማድ ከአባት የሚፈለግ ትልቅ ነገር ሲኖር ሽማግሌ ይላካል። ልማዱን የነገረን ራሱ አባዬ ነው። ስለዚህ ጋሼ መኮንን ጋር ደወልኩ። የክርስትና እናቴ የእትዬ አልማዝ ባል ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ባለታክሲ።

«ጋሼ፣ ሽማግሌ ይሁኑልን» አልኳቸው።

«አንቺን ነው ወይስ እህትሽን የምትድሩት?»

«ሳራን። ለትምህርት ቤት።»

ሳል የመሰለ ሳቅ ሳቁ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ከባለቤታቸው ከእትዬ አልማዝ ጋር፣ ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው። ምንጣፉ ላይ ቆሙ።

«ቁጭ በሉ እንጂ» አለ አባዬ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።»

አባዬ የቃሉን ትርጉም ያውቃል። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። አንዴ ሳራን፣ አንዴ በሩን አየ፣ ከውጭ የቆመ ጎረምሳ ያለ ይመስል። «ጋሼ፣ ልጄ ገና ተማሪ ናት» አለ። «በሕግም ቢሆን...»

«ለጋብቻ አይደለም፣ ግርማ» አሉ ጋሼ መኮንን። «ለጭፈራ ነው።»

እማዬ ኩሽና ውስጥ ማንኪያ ጣለች።

አባዬ ለመናደድ ጊዜ ወሰደበት፤ ከድንጋጤው መመለስ ነበረበት። ከዚያ የመጽሐፉን እህትማማቾች ማንሳት ጀመረ፤ ሐኪሟን፣ መሐንዲሷን። ተነሳሁ። መጽሐፉን ከመደርደሪያው አወረድኩ።

«አባዬ፣ መጽሐፉ እንደዚያ አይልም።»

«መጽሐፉ ተሳስቷል» አለኝ። «እኔ አረምኩት።»

በተሰባበረ አማርኛዬ እየመለስኩ የመጨረሻውን ገጽ አነበብኩለት። መስመሩን በጣቴ እየተከተልኩ። ቃል ሲጠፋኝ እትዬ አልማዝ ይጠቁሙኛል፤ ሳራ ግድግዳውን ተደግፋ ትሰማለች። ምንም አልጨመርኩም፣ ምንም አላስቀረሁም። መጋረጃው ተከፈተ።

«ታዲያ ልጆቹ ተራቡ?» አሉ ጋሼ መኮንን።

«አልተራቡም» አልኩ።

«በመጽሐፍ ማንም አይራብም» አለ አባዬ፤ ያኔ ነው የሚፈራው ነገር ምን እንደሆነ የገባኝ። ሽማግሌ ግን በባዶ አይሸኝም። ደንቡ የሚለውን አለ፤ «ልምከርበት። ሌላ ቀን ተመለሱ።» ይህ መልስ ወራት ሊወስድ ይችላል። አባዬም ያንን ያውቃል።

«ደግ» አሉ ጋሼ መኮንን፣ ሳይቀመጡ። «ቅዳሜ ጠዋት እንመለሳለን። በመኪና።»

ቅዳሜ መጡ። ሳራ ፀጉሯን ጠቅልላ አስራ በሩ ላይ ቆማ ነበር። እኔም አጠገቧ። ያለ አባዬም እንደምንሄድ ወስነናል፤ ከትምህርት ቤቱ በር ከመለሱን እዚያው እንቆማለን፣ እስኪሰለቹን። አባዬ የሥራ ጃኬቱን ለብሶ ወጣ። ማናችንንም አላየም።

«እኔ አልፈቀድኩም» አለ። ከፊት ወንበር ተቀመጠ፣ ቀበቶውን አሰረ።

ጋሼ መኮንን ሞተሩን አስነስተው አድራሻውን ሳራን ጠየቋት። የመለሰው አባዬ ነው። «ድልድዩን ሲያልፉ ወደ ግራ ይያዙ። ከፊት ለፊት ፓርኪንግ የለም፤ የሚገባው በጀርባ በር ነው።»

ከኋላ ወንበር ሳራ እጄን ጨበጠችኝ። እንዴት አወቅህ ያለው ማንም የለም።

የመጽሐፉን እህትማማቾች ስም ዛሬ ሁሉንም አላስታውስም። የቀረልኝ የዚያ ጠዋት የአባዬ ማጅራት ነው፣ ቀጥ ብሎ፣ አንዴም ሳይዞር፣ መንገዱን እየመራ። ሳራ ፈተናውን አልፋ ገባች። አሁን ኑሮዋ ከመድረክ ነው፤ ሥራ የሚገኝበት ወር አለ፣ የማይገኝበትም አለ። በየሠርጉ በየክርስትናው «መቼም ሌላ ሥራ ይኖርሻል» ይሏታል። «የለኝም» ትላለች፣ ተጨማሪ ወጥ እየጠየቀች። አባዬ አንድም ትርኢቷ አልቀረበትም። ኮቱን ሳያወልቅ ይቀመጣል፣ ሲያልቅ ይነሳል፣ በር ላይ ለሚያገኘው ሰው ሁሉ እሱ እንዳልፈቀደ ይናገራል።

እውነቱን ነው። ዛሬም አልፈቀደም። እኛም ደግመን አልጠየቅነውም።