አማቴን በስማቸው የጠራሁ ዕለት

ይህ ነገር የደረሰብኝ በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ አካባቢ፣ ነቀምቴ ከተማ ውስጥ ነው። የመጀመሪያ ልጄን ጡት ያስጣልኩበት ዓመት ስለነበር ጊዜውን አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ ብዙ አለቆች አይቻለሁ፤ እኔም በተራዬ አለቃ ሆኜ ሰው አዝዣለሁ። ከባድ ነገር ለሰው መናገር በሚኖርብኝ ጊዜ ሁሉ ግን ያ ጠዋት ትዝ ይለኛል። ትዝ ባለኝ ቁጥርም ብቻዬን እስቃለሁ።

እኔ እዚያው ወለጋ ውስጥ የኪራሙ ልጅ ነኝ። ወላጆቼ ከጎጃም ተሻግረው እዚያ የሰፈሩ ገበሬዎች ነበሩ። ነቀምቴ የመጣሁት ደበላ የሚባል አናጺ አግብቼ ነው። ደበላ የወለጋ ኦሮሞ ነው፤ የምንኖረውም ቡርቃ ጃቶ በሚባለው በኩል፣ እናቱ ግቢ ውስጥ ነበር። ኦሮምኛ ከልጅነቴ ጀምሮ ስለምችል በቋንቋ አልተቸገርኩም። የተቸገርኩት በወጉ ነው።

በባለቤቴ አገር ወግ ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። ፊት ለፊታቸው ቀርቶ በሌሉበትም ቢሆን ነውር ነው። ስለዚህ አማቴን «አዮ» እላቸዋለሁ፤ እናቴ እንደማለት ነው። እሳቸው ደግሞ ልጅ ከወለድኩ በኋላ እንኳ «ምስሮ» ይሉኝ ነበር፤ ሙሽራዋ ማለታቸው ነው። አዮ ቁጡ ናቸው፣ ቀልደኛ ናቸው፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲዘምሩ ድምፃቸው ከሁሉም በላይ ይሰማል። እወዳቸው ነበር፤ እፈራቸውም ነበር።

አዮ ጋሽ ሸምሱ በሚባሉ የጉራጌ ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ቡና ለቃሚ ነበሩ። እኔንም ሥራው ላይ ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። አጠገባቸው አስቀምጠው ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ ከደህናው እንዴት እንደምለይ አስተማሩኝ። ሰፌዳችንን ጭናችን ላይ አድርገን፣ እሳቸው መዝሙር እያወጡ እኛ እየተቀበልን እንውል ነበር። የወገቡን ሕመም ካልቆጠርነው ደስ የሚል ሥራ ነው።

የለቃሚዎቹ ካቦ የነበረው ሰውዬ ጊምቢ ላይ የራሱን ሱቅ ሊከፍት ሄደ። ጋሽ ሸምሱ እኔን አስጠሩኝና ከነገ ጀምሮ ካቦ አንቺ ነሽ አሉኝ። የመረጡኝ አማርኛና ኦሮምኛ ስለምችል ነው። በዚያ ላይ አንድ ጊዜ ድንቂቱ የምትባል ምላሰኛ ሴት ከሌላዋ ጋር ብርሃን ባለበት በር አጠገብ ለመቀመጥ ስትጣላ መሐል ገብቼ ሳገላግል አይተውኛል። እኔ ያን ያህል ሴት የማዝዝ ሰው መሆኔን ማመን አቃተኝ። ቤት እስክደርስ ድረስ ብቻዬን ፈገግ እያልኩ ነበር የሄድኩት።

ደስታዬ እስከ ማግስቱ ጠዋት ብቻ ቆየ። የካቦ የመጀመሪያ ሥራ በር ላይ ቆሞ ለቃሚዎቹን በየስማቸው እየጠሩ ሰፌድ ማደል ነው። ታላላቆቹን «አዴ» እያልኩ፣ እኩዮቼን በስማቸው እየጠራሁ ሄድኩና አማቴ ዘንድ ስደርስ ስማቸው ከአፌ አልወጣ አለ። እንደምንም ቀስ ብዬ «አዮ» አልኩና ሰፌዱን ሰጠኋቸው። ከኋላቸው የቆመችው ድንቂቱ ዝም ብላ የምታልፍ ሰው አይደለችም፤ እኔም ወልጃለሁ፣ እኔንም አዮ በይኝ አለችኝ። ሴቶቹ ሳቁ፤ እኔም አብሬያቸው ሳቅኩ። ነገሩ በሳቅ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ግን አዲስ አበባ የሄደ አንድ ጭነት ተመልሶ መጣ። ጥቁር ፍሬ በዝቶበታል ተባለ። ጋሽ ሸምሱ ሰው ላይ የሚጮኹ ዓይነት አልነበሩም። ሰብሰብ አድርገውን፣ አንድ ጭነት ደግሞ ከተመለሰ ከመጪው ዓመት ጀምሮ ቡናቸውን ሳያስለቅሙ እንደሚልኩትና እዚያው አዲስ አበባ እንደሚያስለቅሙት ነገሩን። ያ ማለት ሁላችንም ቤት ልንቀመጥ ነው። ከመካከላችን ባሏ የሞተባት አለች፤ ልጆቿን በዚያ ሥራ ብቻ የምታሳድግ አለች። ሁሉም ወደ እኔ ዞረው አዩኝ።

ጥቁሩ ፍሬ ከማን ሰፌድ እንደሚወጣ ለማወቅ ብዙ አልደከምኩም። የየሰዉን ጆንያ ፈትቼ እፍኝ እፍኝ እያወጣሁ አየሁ። የሌሎቹ ደህና ነው። የአዮ ግን አንድ ጠጠር ሳይኖርበት ጥቁር ፍሬ ሞልቶበታል። አጠገባቸው ሆኜ ሳስተውል ገባኝ። አዮ የሚለቅሙት በዓይናቸው ሳይሆን በጣታቸው ነው። ጣት ጠጠርን ያገኛል፤ ቀለምን ግን አያገኝም።

ምን ልበል? ሥራውን ያስተማሩኝን፣ ልጄን ያዘሉልኝን ሴትዮ ዓይንዎ አያይም ልበላቸው? ስማቸውን እንኳ ለመጥራት አፌን የማልከፍት ምራት ከሥራዎ ይነሡ ልበላቸው? ለደበላ ነገርኩት። ደበላ ሰምቶኝ ሲያበቃ መላጊያውን አነሣና የተላገውን እንጨት እንደገና ይልግ ጀመር። በመጨረሻ፣ እናቴና ሥራሽ የሁለታችሁ ጉዳይ ነው ብሎ እጁን አወጣ።

እኔም ዘዴ ያገኘሁ መሰለኝ። ሴቶቹ ምሳ ሊበሉ ሲወጡ ወደ ኋላ ቀርቼ የአዮን ቡና እንደገና እለቅመው ጀመር። ምሳ የሚባል ነገር ረሳሁ። እኔ እዚያ ላይ አቀርቅሬ ስለቅም የመጋዘኑ ሥራ ባለቤት አጣ፤ አንዷ ትዘገያለች፣ ሁለቱ ይጨቃጨቃሉ፣ ያልተለቀመ ጆንያ ከተለቀመው ጋር ይቀላቀላል። አንድ ቀን ድንቂቱ ሻሿን ረስታ ስትመለስ እጅ ከፍንጅ ያዘችኝ። ከሰዓት በኋላ ሁሉም በተቀመጡበት፣ «የኔ ካቦ፣ የኔንስ መቼ ነው የምትለቅሚልኝ?» አለች። የሳቀ ሰው አልነበረም። አዮ መዝሙራቸውን አቋረጡ።

ጠዋት ሁልጊዜ አብረን ነበር የምንሄደው፤ በማግስቱ ግን ሳይጠብቁኝ ቀድመውኝ ወጡ። መጋዘን ስደርስ እንደ ወትሮው ተሰልፈው አገኘኋቸው። እየጠራሁ፣ እያደልኩ ሄድኩና እሳቸው ዘንድ ስደርስ «አዮ» ብዬ ሰፌዱን ዘረጋሁ።

አልተቀበሉኝም።

«አዮ ያለችው ቤት ነው» አሉኝ። «እዚህ ያለችው ለቃሚ ናት። ለቃሚ ደግሞ ስም አላት፤ ጥሪኝ።»

እኔ ሰፌዱን እንደዘረጋሁ ቀረሁ። አፌን እከፍትና መልሼ እዘጋለሁ። ሥራ ለምን እንዳልተጀመረ ለማየት ጋሽ ሸምሱ ከውስጥ ወጡ፤ ወለጋ ብዙ ዘመን ስለኖሩ ነገሩ ወዲያው ገባቸውና በሩን ተደግፈው ቆሙ። አዮ ግን እኔን ብቻ ነው የሚያዩት።

በመጨረሻ «አዴ ጫልቱ» አልኩ።

አዮ እንደ ልጃገረድ ቀና ብለው «ዬ» አሉ፤ አቤት ማለት ነው። አንዷ ከኋላ እልል አለችና መጋዘኑ በሳቅ ተሞላ። እኔም ሳላስበው ሳቅኩ። አዮ ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁና፣ «አሁን ደግሞ የቀረውን ተናገሪ፤ ጉሮሮሽ ላይ የቆመውን» አሉኝ።

ስማቸውን ከጠራሁ ወዲያ ምን ቀረኝ? «ዓይንዎ ደክሟል» አልኳቸው። «ጥቁሩን ፍሬ አያዩትም። ከእንግዲህ ለቀማ ላይ አይቀመጡም።»

አዮ አጠገባቸው ያለው ጆንያ ላይ ቁጭ አሉ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ደነገጥኩ። እሳቸው ግን ለረጅም ጊዜ ተሸክመውት የቆዩትን ነገር ያወረዱ ያህል በረጅሙ ተነፈሱ።

«ከአምና ጀምሮ አውቀዋለሁ» አሉ። «ብናገር ቤት ያስቀምጡኛል ብዬ ፈራሁ። እናንተ ደግሞ አክብራችሁኝ ዝም አላችሁ። መኪናው በወጣ ቁጥር በኔ ምክንያት ይመለሳል እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።»

ጋሽ ሸምሱ በደግነት፣ እንግዲህ እናታችን ናቸው፣ ቤታቸው ይረፉ አሉ። ይህን ሲሉ የአዮን ፊት አየሁት። ያን ሁሉ ጊዜ ሲፈሩት የነበረው ነገር ይኸው ነው። እኔም ከቅድሙ የተረፈ ድፍረት ስለነበረኝ ወደ ጋሽ ሸምሱ ዞርኩ። ካቦ ያደረጉኝ እርስዎ ነዎት፣ ማን የት እንደሚሠራ ልወስን አልኳቸው። የአዮ ጣት ጠጠርና እንጨት አይስትም፤ ስለዚህ ቡናው ለለቀማ ከመቅረቡ በፊት በሚበጠርበት ቦታ ይሁኑ፣ ጠጠሩን እሳቸው ይጨርሱልን፣ ለቃሚዎቹ ቀለም ብቻ ይዩ። ጋሽ ሸምሱ ጭንቅላታቸውን አከኩ። ከዚያ እንዳልሽ አሉና ወደ ውስጥ ገቡ።

አዮ የሚቀመጡበት ቦታ በሩ አጠገብ፣ ብርሃኑ ደህና የሆነበት ነበር። ዓይኗ እንደ ጭልፊት ለሆነው ለድንቂቱ ሰጠኋት። ከዚያ ቀን ወዲህ ድንቂቱን የመሰለ ወዳጅ አልነበረኝም።

የሚቀጥለው ጭነት ሄደ፤ አልተመለሰም። ከዚያ በኋላ የሄደውም አልተመለሰም። ጋሽ ሸምሱ ለሁላችንም ሻሽ ገዙልን፤ አዮ የራሳቸውን በዳሰሳ መርምረው ጨርቁ ቀጭን ነው ብለው አጉረመረሙ። እኔን ከሁሉ የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ሴቶቹ አንድ በአንድ ወደ እኔ ይመጡ ጀመር። አንዷ ዝቅ ብሎ መቀመጥ ወገቧን እንደሚጎዳት ነገረችኝ። ሌላዋ ጡት የሚጠባ ልጇን ቤት ትታ እንደምትመጣና ቀኑን ሙሉ ልቧ እዚያ እንደሚውል ነገረችኝ። ካቦዋ ለገዛ አማቷም አላዳላችም ብለው ነው መሰለኝ አመኑኝ። ለአንዷ ከፍ ያለ መቀመጫ ደበላን አሠራሁት፤ ለሌላዋ ምሳ ሰዓት ላይ ቤቷ ደርሳ እንድትመጣ ፈቀድኩላት።

ስማቸውን የጠራሁ ዕለት ማታ ግን ቤት የገባሁት እየፈራሁ ነበር። አዮ ምድጃው አጠገብ ተቀምጠዋል። እንደ ልማዴ «አካም ኦልተን፣ አዮ» ብዬ እንዴት እንደዋሉ ጠየቅኳቸው። መጋዘን ውስጥ ስሜን ጠርተሻል፣ በዚያ ላይ ወጡን ደግሞ ብታሳርሪ አልምርሽም አሉኝ። ደበላ ምን እንደሆነ ሳይገባው አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን ያያል። ሁለታችንም አልነገርነውም።

ብዙ ቆይቼ አንድ ቀን ጠየቅኳቸው። ያን ያህል ከጨነቀዎት ለልጅዎ ለምን አልነገሩትም፣ ወይም ከእኩዮችዎ አንዷን ለምን አልጠየቁም አልኳቸው። አዮ የልጅ ልጃቸውን ጀርባ እየመቱ እያስተኙ ነበር።

«ልጄ ስለሚያዝንልኝ ይዋሸኛል» አሉኝ። «እኩዮቼም እንዲሁ። አንቺን ግን ለዚህ ቤት የመረጥኩሽ እኔ ነኝ፤ አባትሽ ቤት መጥቼ፣ እየፈራሽም ቢሆን እውነቱን ስትናገሪ አይቼሽ ነው። ቢያስፈራትም የምትናገር ልጅ ነበር የፈለግኩት።»

እስከዚያ ቀን ድረስ ደበላ ራሱ አይቶ የወደደኝ ይመስለኝ ነበር። አሁን አርጅቻለሁ፤ አዮም ካረፉ ቆይተዋል። ካቦ ያደረጉኝ ጋሽ ሸምሱ ናቸው፤ እሳቸውንም አመሰግናለሁ። ግን ከዚያ በፊት ሌላ ሰው አይቶ መርጦኝ እንደነበር ማወቄ እስከ ዛሬ ድረስ ደስ ይለኛል፤ ሰው የአዴ ጫልቱ ምራት ብሎ ሲጠራኝም እኮራለሁ።