ያልተገለበጠችው መኪና

መኪና የሚወድ ሰው ይረዳኛል። እዚህ የምኖርበት አገር ሕግ ሃያ አምስት ዓመት ያልሞላት የውጭ መኪና ስለማያስገባ፣ እስኪሞላት ጠብቄ አንዲት ቀይ ስፖርት መኪና ከጃፓን አስመጣሁ። እናቴ ስታያት ሰርፕራይዝ ይሁንባት ብዬ አልነገርኳትም። ኢስት ፖይንት ቤቴ ደጃፍ ፓርክ ሳደርጋት የወለድኳት ያህል ደረቴን ነፋሁ።

ጎረቤቴ ጋሼ ታደሰ አዲስ አበባ መካኒክ ነበሩ። ዞረው ዞረው አዩዋትና "መሪዋ በቀኝ ነው፤ ልገልብጥልህ" አሉኝ። ወደ ግራ ላዙረው ማለታቸው ነው።

"ጋሼ፣ ክብሯ እኮ እሱ ነው። ኦሪጅናል ናት" አልኳቸው። አልተዋጠላቸውም።

ዘይት ታፈስ እንደሆነ ቼክ ላደርግ ከሥሯ እንደገባሁ ስልኬ ጠራ። እሳቸው አነሱልኝ። እናቴ ነበረች፣ ከምትኖርበት ከሮዝዌል።

"አይዞሽ እህቴ፣ መኪናው ሥር ነው ያለው" አሏት ረጋ ብለው። "የመገልበጡን ነገር ለእኔ ተዪው።"

ስልኩ ተዘጋ።

አርባ ደቂቃ ሳይሞላ እናቴ በአንድ እግሯ ነጠላ ጫማ፣ በሌላው ስኒከር አድርጋ እየነዳች ደረሰች። አክስቴ በስልኳ ስፒከር ታለቅሳለች። እኔ መስታወት እየወለወልኩ ነበር። ጥብቅ አድርጋ ይዛ አገላብጣ ሳመችኝ።

ከዚያ መኪናዋን አየች። ልትሳፈር እንደ ልማዷ በቀኝ በር ገባችና መሪው ፊቷ ተደቀነ። ትንሽ አሰበች። ቀበቶዋን አሰረች፣ እጇን ለቁልፉ ዘረጋችልኝና ወደ ስልኩ ዞረች።

"በቃ አታልቅሺ፣ ምንም አልተገለበጠም። ልጄ ከጃፓን መኪና አስመጥቶልኝ ነው።"