በታሸገው ጠርሙስ ውስጥ ያለው ሲም ካርድ

አጎቴ ዕቃ በመዳፋቸው ሰውረው ሰው ማስገረም ይወዱ ነበር። በልጅነታችን ባቄላ ይሰውሩልን ነበር፤ ሞባይል ሲመጣ ባቄላውን ትተው ሲም ካርድ ያዙ። ሁልጊዜም መጨረሻ ላይ ብልሃቱን ያሳዩናል። «ካላሳየኋችሁማ አታለልኋችሁ ማለት ነው» ይሉ ነበር።

ሲታመሙ፣ ከማስተምርበት ከቢቸና በየሳምንቱ ሞጣ እየሄድኩ አስታምማቸው ጀመር። አንድ ቅዳሜ ሲም ካርዱን ከመዳፋቸው አጥፍተው፣ ክዳኑ ካልተነካ የውኃ ጠርሙስ ውስጥ አሳዩኝ።

«ነይ ቅረቢ፣ እንዴት እንደገባ ላሳይሽ» አሉኝ።

«ዛሬስ ደክሞኛል ጋሼ፤ የሚመጣው ቅዳሜ ያሳዩኛል» ብዬ ጋደም አልኩ።

ሐሙስ ዕለት አረፉ።

በአርባቸው የልጅ ልጃቸው ጠርሙሱን ይዛ መጥታ፣ «እንዴት አስገቡት?» አለችኝ።

«ሊነግሩኝ ነበር፤ እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት» አልኳት።

ጥቂት አየችኝና ጠርሙሱን ጭኔ ላይ አስቀምጣልኝ ወጣች።