በእናቱ ልክ የተሰፋ ማዘያ

ሰውየው ቅዳሜ ቅዳሜ ይጁቤ ገበያ ይመጣል። ኮቱ ሰፊ ነው፤ ኮሌታው ላይ ሁልጊዜ ክር ያለው መርፌ ተሰክቷል። የውሃ ጀሪካን በጀርባ ለመሸከም ከሸራና ከመኪና ጎማ የሰፋውን ማዘያ አንጠልጥሎ፣ «እንዴት ነው? ይሆንሻል?» እያለ ሴቶቹን ይጠይቃል።

«እሰይ፣ እጅህ ይባረክ!» ይሉታል፤ ጀሪካናቸውንም በዚያው በገመዳቸው አዝለው ይሄዳሉ። ሽንኩርት ሻጯ የኔዓለም እንዲህ የተመረቀ፣ እንዲህም ብቻውን የቀረ ሰው አይታ አታውቅም። እሷም ራሷ ባለፈው መርቃ ሸኝታዋለች።

ዛሬ ግን አንጀቷ አልቻለም። ማዘያውን ተቀብላ ከቦኖ የቀዳችውን ውሃ አዘለችበት።

«ወንድሜ፣ አትቀየመኝና ትከሻዬን ይቆርጠኛል። ለመሆኑ በማን ልክ ነው የሰፋኸው?»

«በእናቴ።»

«እሳቸውንስ ተመቻቸው?»

«ሳልጠይቃት ቀረሁ» አለ፣ ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ።

የኔዓለም ጀሪካኑን አወረደችና ማዘያውን ፈትታ ሰጠችው። እሱም ከሽንኩርቷ አጠገብ ቁጢጥ አለና መርፌውን ከኮሌታው ነቅሎ ስፌቱን መተርተር ጀመረ።

«የቱ ጋ ነው የሚቆርጥሽ፣ እህቴ?» አላት። «እስኪ አሳዪኝ።»